ያገለገለ የኒኬል ካታሊስት አራተኛው ዙር ላይ የሚሞተው ለምንድን ነው?

ዘይትና_ሳሙና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዱከም አካባቢ ለልብስ ሳሙና የሚሆን ዘይት በሃይድሮጅን እናጠነክራለን። ዘይቱ የአኩሪ አተርና የጥጥ ፍሬ ቅልቅል ነው፤ እዚያው በኮስቲክ ሶዳ ተጣርቶ በማንጫ አፈር ከነጣ በኋላ ወደ አውቶክሌቩ (ወደ ግፊት ታንኩ) ይገባል። አዮዲን ቫልዩው (ዘይቱ ገና ምን ያህል ሃይድሮጅን መቀበል እንደሚችል የሚያሳየው ቁጥር) ሲገባ 120 አካባቢ ነው፣ ወደ 50 እናወርደዋለን። አውቶክሌቩ 5 ቶን ይይዛል፤ ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ግፊቱ ጌጁ ላይ 3 ባር ነው። ሃይድሮጅኑ ውሃን በኤሌክትሪክ ከሚሰነጥቅ ኤሌክትሮላይዘር ይመጣል። ካታሊስቱ፣ ማለትም ሥራውን የሚያፋጥነው ኒኬል፣ በጠጣር ስብ ተሸፍኖ በትንንሽ ጠብታ መልክ የሚገባው፣ 22 በመቶ ኒኬል ያለው ዓይነት ነው። ለአንድ ባች 13.6 ኪሎ እንጨምራለን፤ ይህም 3 ኪሎ ንጹህ ኒኬል ነው።

አዲስ ሲሆን ሥራው በ2 ሰዓት ያልቃል። ከማጣሪያው አውጥተን ያንኑ ስንመልሰው 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሦስተኛው ላይ 4 ሰዓት ተኩል። አራተኛው ላይ 6 ሰዓት ብናቆየው እንኳ አዮዲን ቫልዩው ከ100 በታች አልወርድ ይላል። ሙቀቱን 200 ማድረስም አልረዳም። አዲሱ ካታሊስት በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ስለሆነ በየሦስት ባቹ መጣሉ አያዋጣም።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ማጣሪያው ሲከፈት ኬኩ (ማጣሪያው ላይ የሚቀረው ካታሊስት) ይጨሳል፤ በርሜል ውስጥ ካደረ በኋላ ሲነካ ይግላል። የተጣራው ስብ ደግሞ አንዳንዴ አረንጓዴ፣ አንዳንዴ ግራጫ ይሆናል። የተጠራቀመውን ኬክ ቆራሌው ልግዛችሁ ይላል፣ ቦይለር ውስጥ እናቃጥለው የሚሉም አሉ። ምን ትመክራላችሁ?

ኒኬል28፦

ስለ ካታሊስቱ ከመነጋገራችን በፊት ዘይቱን እንየው። ነጥቶ ወደ አውቶክሌቭ ሊገባ ሲል የተወሰደ ናሙና ላይ ፎስፈረስ፣ ሰልፈር፣ ቅሪት ሳሙና፣ እርጥበትና ነፃ ፋቲ አሲድ ስንት ነው? ፎስፈረስን ዘይቱን አመድ አድርጎ በሞሊብዴት ሰማያዊ ዘዴ በራሳችሁ ላብራቶሪ መለካት ይቻላል። ሰልፈሩን መሣሪያው ላለው ላብራቶሪ ላኩት። እነዚህ አምስት ቁጥሮች ሳይያዙ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ግምት ነው።

ዘይትና_ሳሙና፦

ውጤቱ ይኸው። ፎስፈረስ 8 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 8 እጅ)፣ ሰልፈር 3 ፒፒኤም፣ ቅሪት ሳሙና 15 ፒፒኤም፣ እርጥበት 0.12 በመቶ፣ ነፃ ፋቲ አሲድ 0.15 በመቶ። ከአቅራቢዎቻችን አንዱ በዚያው መጭመቂያ ጎመን ዘርም እንደሚጨምቅ አሁን ስንጠይቅ ነው የሰማነው።

ኒኬል28፦

እንግዲያው ካታሊስታችሁ በእርጅና አልሞተም፣ ተመርዞ ነው። ሒሳቡን እንሥራው።

በዘይት ማጠንከር ሥራ ለረጅም ጊዜ የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ፤ በዘይቱ ውስጥ ያለ 1 ፒፒኤም ሰልፈር ከዘይቱ ክብደት 0.004 በመቶ የሚሆን ኒኬል ይገድላል፣ 1 ፒፒኤም ፎስፈረስ ደግሞ 0.0008 በመቶ። የእናንተ 3 ፒፒኤም ሰልፈር 0.012 በመቶ፣ 8 ፒፒኤም ፎስፈረስ 0.0064 በመቶ፤ ሲደመር 0.0184 በመቶ ነው። በ5 ቶን ሲባዛ በየባቹ 0.92 ኪሎ ኒኬል ሥራ ያቆማል ማለት ነው። በ3 ኪሎ ከጀመራችሁ ሁለተኛው ባች የሚጀምረው በ2.08 ኪሎ፣ ሦስተኛው በ1.16፣ አራተኛው በ0.24 ነው። ሰዓቶቻችሁም ይህንኑ ይናገራሉ፤ ሕያው ኒኬሉን በሰዓቱ ብታባዙት 6፣ 5.9፣ 5.2 ይመጣል፣ ማለትም ፍጥነቱ የሚወርደው በቀረው ሕያው ኒኬል ልክ ነው። አራተኛው ላይ የቀረው ሕያው ኒኬል እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሙቀት ብትጨምሩም ሥራውን አይጨርስም። ሰልፈር ኒኬሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በአውቶክሌቭ ሙቀት ሃይድሮጅን አያስለቅቀውም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚመጣለት መፍትሔ «በየባቹ ትንሽ ትንሽ አዲስ እንጨምርበት» ነው። በአሁኑ ዘይታችሁ ግን አይሠራም። በየባቹ ከአሮጌው አንድ አምስተኛውን አውጥታችሁ በምትኩ 0.6 ኪሎ ኒኬል፣ ማለትም 2.7 ኪሎ አዲስ ካታሊስት ብትጨምሩ፣ 0.6 ገብቶ 0.92 ይሞታል። ገቢው ከወጪው ካነሰ ጥቂት ባች ዘግይቶ እዚያው ገደል ውስጥ መግባት ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከላይ፣ ከዘይቱ ማጣራት ነው። ፎስፈረሱን ከ2፣ ሰልፈሩን ከ1 ፒፒኤም በታች ካወረዳችሁት የየባቹ ሞት ወደ 0.28 ኪሎ ይወርዳል። ያኔ አንድ አምስተኛ እያወጡ 2.7 ኪሎ መጨመር ሚዛኑን ይጠብቃል፤ በየባቹ መጀመሪያ 1.9 ኪሎ ገደማ ሕያው ኒኬል ይኖራችኋል፣ ጊዜውም 3 ሰዓት አካባቢ ላይ ይረጋል። አሁን 13.6 ኪሎ ለሦስት ባች፣ በባች 4.5 ኪሎ ታወጣላችሁ። በ2.7 ኪሎ ስትሠሩ 40 በመቶ ቀነሳችሁ ማለት ነው፣ ያውም ባቾቹ በእኩል ሰዓት እያለቁ።

ፎስፈረሱን ለማውረድ ከኮስቲኩ በፊት ፎስፈረስ የያዘውን የዘይቱን ሙጫ በአሲድ ስበሩት። ለ5 ቶን ዘይት 5 ኪሎ ሲትሪክ አሲድ በ5 ሊትር ውሃ ሟሙቶ፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ዘይት ላይ ጨምራችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በደንብ አማስሉት። ፎስፎሪክ አሲድም ይሠራል፣ ግን በደንብ ካልታጠበ ራሱ ፎስፈረስ ሆኖ ይመጣባችኋል፤ እኔ ሲትሪኩን እመርጣለሁ። የኮስቲኩን መጠን ስታሰሉ የጨመራችሁትን አሲድ አትርሱ። ከዚያ ሁለት ጊዜ በ500 ሊትር ሙቅ ውሃ እጠቡ። ውሃው የጉድጓድ ከሆነና ካልለሰለሰ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ከሳሙናው ጋር ተያይዞ ዘይት ውስጥ የሚቀር፣ ውሃ የማያነሳው ሳሙና ይሠራል። የቦይለር ኮንደንሴት (እንፋሎቱ ተመልሶ የሆነውን ውሃ) ተጠቀሙ፣ ወይም ሁለተኛው እጥበት ላይ ጥቂት ሲትሪክ ጨምሩ። አምራቹ «በ95 ዲግሪ ውሃ እጠቡ» ቢል በዱከም ከፍታ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ክፍት ታንክ ውስጥ ከ85 እስከ 90 ይበቃል፤ ሲፈላ ዘይትና ውሃው ተቀላቅሎ አልለይ ይላል።

ማንጫ አፈሩ 1 በመቶ፣ ማለትም 50 ኪሎ ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ቅሪት ሳሙና ምንም መታየት የለበትም። 15 ፒፒኤም ለካታሊስት ብዙ ነው፤ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። እርጥበቱ ከ0.05፣ ነፃ ፋቲ አሲዱ ከ0.1 በመቶ በታች ይሁን።

ሰልፈሩን በተመለከተ የጎመን ዘሩ ነገር ዋናው ነው። የአገራችን ጎመን ዘር ሰልፈር ያዘለ ግሉኮሲኖሌት በብዛት አለው፤ ሲጨመቅ ተሰባብሮ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ማንጫ አፈርም ሁሉንም አይዘውም። መጭመቂያው በመካከል ካልጸዳ የሚቀጥለው ፍሬ ያንን ይዞ ይወጣል። ከዚያ አቅራቢ የሚመጣውን ለየብቻ ታንክ አስቀምጡና ለክታችሁ ብቻ ተቀበሉ። በቫኩም ውስጥ ቀጥታ እንፋሎት መንፋት ከሚተነው የሰልፈር ውህድ የተወሰነውን ያነሳል።

ማጣሪያ_ቤት፦

ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ ስለ ጭሱ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ማጣሪያው ልጨምር። የተመረዘውን ማዳን ባይቻልም፣ ያልተመረዘውን አየር እየበላባችሁ ነው። የሚጨስና የሚግል ኬክ ማለት ውስጡ ገና ሕያው ኒኬል አለ፣ እሱም ከኦክሲጅን ጋር እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። አንዴ ኦክሳይድ ከሆነ መልሶ ኒኬል ለማድረግ ከ400 ዲግሪ በላይ ሃይድሮጅን ስለሚፈልግ የእናንተ አውቶክሌቭ አያደርገውም።

ካታሊስቱ የሚመለስ ከሆነ ማጣሪያውን አትክፈቱት። ባቹ ሲያልቅ ሃይድሮጅኑን ዝጉ፣ በናይትሮጅን አስወጡ፣ ስቡን እያማሰላችሁ ወደ 90 ወይም 95 ዲግሪ አብርዱና ከዚያ አጣሩ። በ150 እና በ160 ዲግሪ እያጣሩ ጨርቅና ጓርኒሲዮን የሚያቃጥሉም አሉ፤ አትቸኩሉ። ፕሬዠር ሊፍ ፊልተር (ወንፊት የለበሱ «ቅጠሎች» የተደረደሩበት የግፊት ማጣሪያ) ከሆነ ወንፊቱ 24 በ110 የሚባለው ዓይነት ይሁን። መጀመሪያ የሚወጣውን ስብ ወደ አውቶክሌቩ እየመለሳችሁ አዙሩት፤ በመስታወቱ ጥርት ብሎ ሲታይ ብቻ ወደ ታንክ ልቀቁ።

ስቡ ካለቀ በኋላ በናይትሮጅን ግፉት፣ በኮምፕሬሰር አየር ግን በፍጹም። ኬኩን ሙሉ በሙሉ ማድረቅ አያስፈልግም። የማጣሪያውን ጃኬት 80 ዲግሪ ላይ ያዙት፤ አዮዲን ቫልዩ 50 የሆነ ስብ ቅጠሎቹ ላይ ከረጋ ወንፊቱ ይደፈናል። ከዚያ ለሚቀጥለው ባች ከተዘጋጀው ደረቅ ዘይት 500 ሊትር በ90 ዲግሪ ወደ ማጣሪያው አስገቡ፣ ንዝረቱን አስነሱ፣ ኬኩ ሲረግፍ ዘይቱ ይዞት ወደ መቀላቀያ ታንክ ይውረድ። ከዚህ ጭቃ 100 ሊትር አውጥታችሁ ለየብቻ አስቀምጡ፤ ኒኬል28 ያለው አንድ አምስተኛ ይኸው ነው። በቀረው 400 ሊትር ላይ 2.7 ኪሎውን አዲስ ጨምሩና ወደ አውቶክሌቭ ሂዱ። ኬኩን በአካፋ መዛቅና በሚዛን መመዘን አያስፈልግም፣ አየርም አይነካውም።

አንድ ወጥመድ አለ። በየባቹ ማጣሪያውን በዲያቶማይት (ለማጣሪያ በሚያገለግል የድንጋይ ዱቄት) የምትለብጡ ከሆነ ዱቄቱ ከካታሊስቱ ጋር ይመለሳል። አንድ አምስተኛ ብቻ ስለሚወጣ ውስጥ የሚጠራቀመው የአንድ ባቹ አምስት እጥፍ ይሆናል፤ በባች 10 ኪሎ ከለበጣችሁ 50 ኪሎ ዱቄት አውቶክሌቩ ውስጥ ይዞራል፣ ፓምፕ ይበላል፣ ዘይት ይመጥጣል። ወይ ልበጣውን ወደ 2 ኪሎ አውርዱ፣ ወይ ተዉትና ካታሊስቱ ራሱ ወንፊቱን እስኪለብስ አዙሩ።

ቀለሙን ለይታችሁ እዩት። ግራጫ ከሆነ ደቂቅ የኒኬል ቅንጣት አልፏል፦ ወንፊት ተቀዷል፣ ጓርኒሲዮን ለቋል፣ ወይም በፍጥነት የሚሽከረከር ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ካታሊስቱን እየፈጨው ነው። ለጭቃው ቀስ ብሎ የሚሠራ የዲያፍራም ፓምፕ ይሻላል። አረንጓዴ ከሆነ ግን ማጣሪያ ምንም አያደርግለትም፤ ኒኬሉ ከፋቲ አሲድ ጋር ተዋህዶ የኒኬል ሳሙና ሆኖ ሟሙቷል። ምንጩ የእናንተው 0.12 በመቶ እርጥበት ነው፤ በ180 ዲግሪ ዘይቱን እየሰነጠቀ ፋቲ አሲድ ይሠራል። አየር የነካው ኬክ ሲመለስም ኦክሳይዱ በቀላሉ ይሟሟል።

ለማረጋገጥ ጥቂት ስብ አቅልጣችሁ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በደንብ በጥብጡ፣ ውሃውን ለዩ፣ አሞኒያ እስኪሸት ጨምሩና በአልኮል የሟሟ 1 በመቶ ዳይሜትልግላዮክሲም ጠብ አድርጉበት። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ኒኬል አለ። ለማስወገድ ለ5 ቶን ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ሲትሪክ አሲድ በውሃ አሟሙታችሁ፣ 10 ኪሎ ማንጫ አፈር ጨምራችሁ፣ በ90 ዲግሪ በቫኩም ለ20 ወይም 30 ደቂቃ አማስላችሁ አጣሩ። «ለልብስ ሳሙና ነው» ብላችሁ አትዝለሉት፤ ኒኬል ቆዳ ላይ አለርጂ ከሚያስነሱ ብረቶች ዋነኛው ነው፣ በእጅ የሚያጥቡ እናቶች ደግሞ እጃቸው ቀኑን ሙሉ ሳሙና ውስጥ ነው።

የድሮ_ጥራት፦

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ያን የሚወጣ 100 ሊትር ጭቃ ወዲያው አትጣሉት። በኒኬል28 ሒሳብ ውስጡ 0.32 ኪሎ ያህል ሕያው ኒኬል አለ፤ ይህ ከ5 ቶን ዘይት 1.6 ፒፒኤም ሰልፈር የመያዝ አቅም ነው። ዋናው ባች ከመጀመሩ በፊት ዘይቱን ከአሮጌው ጋር በ160 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት በሃይድሮጅን ሥር አማስሎ፣ አጣርቶ መጣል አሮጌውን እንደ ጠባቂ መጠቀም ነው። ለምን አትመክሩትም?

ሁለተኛ፣ በሰልፈር የተነካ ኒኬል ዘይቱን ከማጠንከሩ በላይ ትራንስ ፋቲ አሲድ ያበዛል። ስለዚህ አዮዲን ቫልዩው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የስቡ ጥንካሬ ይለያያል። ለሳሙና አዮዲን ቫልዩን ብቻ ሳይሆን ታይተርን፣ ማለትም ፋቲ አሲዱ የሚረጋበትን ሙቀት ለኩ፤ በተመለሰ ካታሊስት የተሠራው ቀደም ብሎ ስለሚጠነክር 50 ሳይደርስ ማቆም ይቻል ይሆናል። ይህ ስብ ለምግብ እንዳይሄድ ግን ታንኩና ቧንቧው ይለይ።

ኒኬል28፦

ታይተሩ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የአዮዲን ቫልዩ አንድ ነጥብ ለ5 ቶን 4.4 ኪዩቢክ ሜትር ሃይድሮጅን ነው፣ 5 ነጥብ ቀድሞ ማቆም 22 ኪዩቢክ ሜትር ያተርፋል። ጠባቂውን የማልመክረው ሁለተኛ ዕቃና ሁለተኛ ማጣሪያ ስለሚፈልግ ነው። በአንዱ ማጣሪያ ሁለቱንም ከሠሩ የተመረዘው ቅጠሎቹ ላይ ቀርቶ ከደህናው ጋር ይመለሳል፣ ልፋቱም ከንቱ ይሆናል። ትርፍ ዕቃ ካለ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው።

ደህንነት_አቃቂ፦

ወደ ኬኩ አወጋገድና ወደ እሳቱ እንምጣ፣ ምክንያቱም ጥያቄው ውስጥ የሚያስፈሩኝ ነገሮች አሉ።

ቦይለር ውስጥ አታቃጥሉት። ዘይቱ ይነድዳል፣ ኒኬሉ ግን ኦክሳይድ ሆኖ ከፊሉ በጭስ ማውጫ ወጥቶ ሠፈሩ ላይ ይወርዳል፤ የኒኬል ውህዶች ሲተነፈሱ ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠ ነው። ለቆራሌውም አትስጡ። ቆራሌው ምን እንደያዘ አያውቅም፤ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ ከካርቶን ጋር ያስቀምጠዋል፣ ዘይቱ ሲፈስና አየር ሲገባው ራሱን ያቀጣጥላል። እናንተ በርሜል ውስጥ ሲግል ያያችሁት የዚያ መጀመሪያ ነው።

ትክክለኛው አቀማመጥ፦ ክዳኑ የሚጠብቅ የብረት በርሜል፣ ኬኩ ሙሉ በሙሉ በዘይት ወይም በቀለጠ ስብ ተሸፍኖ፣ ከፀሐይና ከቦይለር ክፍል ርቆ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ቀኑና ክብደቱ ተጽፎበት። ስቡ ሲረጋ አየሩን ይዘጋዋል። ከነደደ በደረቅ አሸዋ ወይም በዲያቶማይት ዱቄት ቅበሩት፤ በውሃ ቱቦ መምታት የጋለውን ዘይት ይረጫል። ዱቄት የሚነሳበት ቦታ ላይ የጨርቅ ማስክ አይበቃም።

ናይትሮጅን ስለተወደደ የቦይለር ጭስ አቀዝቅዞ ማጣሪያ መንፊያ ማድረግ ለሚያስብ ሁሉ፦ በጭራሽ። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ እሱ ከደቂቅ ኒኬል ጋር ከ100 ዲግሪ በታች ባለው ሙቀት ሲገናኝ ኒኬል ካርቦኒል የሚባል ተናኝ መርዝ ይሠራል። በጣም ጥቂቱ ሳንባን ያጠፋል፤ ምልክቱ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሠራተኛው ደህና ነኝ ብሎ ቤቱ ይገባል።

መብራት ሲሄድ ማማሰያው ይቆማል፣ ካታሊስቱም የማሞቂያ ቱቦው ላይ ይቀመጣል። ሃይድሮጅኑን መጀመሪያ ዝጉ፣ የእንፋሎት ቫልቩንም። ክዳን አትክፈቱ፤ በግፊት ሥር እንዳለ መቆየቱ ይሻላል። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ማማሰያው፣ ከዚያ ሙቀት፣ በመጨረሻ ሃይድሮጅን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የረጋው ካታሊስት ባለበት ሙቀቱ በድንገት ይወጣል፤ አንድ የአዮዲን ቫልዩ ነጥብ ዘይቱን 1.6 ዲግሪ ያህል እንደሚያሞቅ አስቡ፣ የእናንተ 70 ነጥብ ነው።

ናይትሮጅን ምን ያህል ይበቃል ለሚለው፦ ከዘይቱ በላይ 3 ኪዩቢክ ሜትር ባዶ ቦታ ካለ፣ እስከ 2 ባር መሙላትና መልቀቅ አራት ጊዜ ሃይድሮጅኑን ከ1 በመቶ በታች ያወርደዋል። ይህ 24 ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ በ150 ባር የተሞላ ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር 6 ስለሚይዝ አራት ሲሊንደር ይፈልጋል። ከዚያ ያነሰ መጋዘን ውስጥ ካለ ባች አትጀምሩ።

የተጠራቀመው ኬክ መጨረሻው ኒኬል መልሶ የሚያወጣ ማቅለጫ ወይም የካታሊስት አምራቹ ራሱ ነው። አዲስ ካታሊስት ስታዝዙ አሮጌውን ትወስዳላችሁ ወይ ብላችሁ ውሉ ውስጥ አስገቡት። ክፍያው በኒኬል መጠን ስለሆነ ኬኩን ከማንጫ አፈር ጋር አትቀላቅሉ፤ ኒኬሉ በቀጠነ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ወደ ውጭ ሲላክ ኢትዮጵያ የአደገኛ ቆሻሻን ድንበር ተሻጋሪ ዝውውር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ስለሆነች በአደገኛ ቆሻሻነት ከተመደበ ከላኪ፣ ከተቀባይና ከመተላለፊያ አገር የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል፤ አገር ውስጥም ስለ አደገኛ ቆሻሻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ወረቀቱ ጊዜ ስለሚወስድ በርሜሎቹ ሳይሞሉ ጀምሩት።

ዘይትና_ሳሙና፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሲትሪኩንና የማጣሪያውን አሠራር ከሚቀጥለው ባች እንጀምራለን። አንድ የቀረኝ፦ ዘይቱን ስናደርቅ የቫኩም ጌጁ ከ0.78 ባር አያልፍም። መመሪያው 0.95 ይላል። እርጥበቱ 0.12 የሆነው ፓምፑ ስለደከመ ይሆን?

ማጣሪያ_ቤት፦

ፓምፑን አትፍቱት። መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ዱከም ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ 0.8 ባር ገደማ ስለሆነ ጌጁ ከዚያ በላይ ሊያሳይ አይችልም፤ 0.78 ማለት ውስጥ የቀረው 20 ሚሊባር አካባቢ ነው፣ መመሪያው ከሚጠይቀው 60 ሚሊባር ገደማ የተሻለ። ነገር ግን በዚህ ላይ የጥቂት ሚሊባር ስህተት ብዙ ስለሚያሳስት ፍጹም ግፊት (ከውጭው አየር ሳይሆን ከዜሮ ተነስቶ የሚለካውን) የሚያሳይ ጌጅ ግዙ። እርጥበቱ የቀረው በሙቀት ወይም በጊዜ እጥረት ይመስለኛል። 95 ዲግሪ ላይ አድርሳችሁ፣ መስታወቱ ላይ አረፋው ከቆመ በኋላ 20 ደቂቃ ጨምሩለትና እንደገና ለኩት።